የእማማ አስካለማርያም ተራ

ስሙ ጥዑመልሳን ይሁን እንጂ ጣፋጭ ቃል ከአፉ አይወጣም። ስርጉት ይህን እያወቀች ነው ያገባችው፤ በማንም ማሳበብ አትችልም። በዳላስ ዙሪያ ከሜስኪት እስከ ፋርመርስ ብራንች ያሉ ሐበሻ ሾፌሮችና ነርሶች የእቁባቸው ዳኛ ያደረጉትም በዚሁ ጠባዩ ነው። ሕጉ አንድ ነው፦ የወጣ እጣ አይለወጥም። አምና ፍቃዱ መኪናው ተበላሽቶበት «ተራ ልቀያየር» ብሎ ሲለምን እንኳ ጥዑመልሳን ፊቱን አልፈታም።

ዘንድሮ ጣጣው የራሱን ቤት አንኳኳ። ጋራዡ ጥግ የቆመው አሮጌ ቦይለር ከሥሩ ተበስቶ ወለሉን በውሃ አጥለቀለቀው። ሊያየው የመጣው ባለሙያ ታንኩ ስለበሰበሰ ጥገና እንደማይቀበል ተናግሮ የአዲሱን ዋጋ ሲጠራ፣ ስርጉት ዋጋውን ደግማ ጠየቀችው። ክሬዲት ካርዱን መኪናቸው ጨርሶታል። ከሁሉ ያስጨነቃት ግን እናቷ ናቸው። እማማ አስካለማርያም ቁርጥማት አለባቸው፤ ሙቅ ውሃ ገንዳ ውስጥ ካልተዘፈዘፉ ጉልበታቸው አይታዘዝላቸውም። በድስት እያፈላች ብትገለብጥም፣ ገንዳው ሳይሞላ ይቀዘቅዝባታል።

«እሁድ እጣ አለ አይደል?» አለችው ባሏን። «ማለቴ፣ ቦይለሩን ሪፕሌስ ለማድረግ ነው። ብትጠይቃቸው ማን እምቢ ይልሃል?»

«እኔ።»

«ሰውዬ፣ እናቴ እኮ ናት!»

«አውቃለሁ» አለና ድስቱን ከእጇ ተቀብሎ ውሃ ሊሞላ ሄደ።

ስርጉት እስከ እሁድ አኮረፈችው። ምን ታድርግ፤ ድስት ከሚያመላልስ ባል ጋር በወጉ መጣላት እንኳ አይቻልም።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እቁብተኞቹ እነሱ ቤት ተሰበሰቡ። እጣው ሲወጣ ለፍቃዱ ደረሰ። ስለ ቦይለሩ ሰምቶ ኖሮ ብድግ አለ።

«ጋሽ ጥዑመልሳን፣ ይሄ ለእርስዎ ይሁን። እኔ ዌይት አደርጋለሁ።»

«አይሆንም። አምና አንተን ከልክዬ ዘንድሮ ለራሴ አልፈቅድም።»

ይህን ሲል ድምፁ አልተለወጠም፤ ግንባሩን ግን ላብ ወርሶታል። ስርጉት አየችው። ሳምንቱን ሙሉ ስትንጨረጨርበት የሰነበተችው ሴት፣ እንዲህ ያለ ሰው ባሏ በመሆኑ ኮራች።

የፍቃዱ ሚስት ሸዋረገድ ጣልቃ ገባች። «ኦኬ፣ እጣው አይለወጥም። እማማን ማጠብስ ክልክል ነው? እኔ ቤት ሙቅ ውሃ ሞልቷል።»

«ለምን አንቺ ቤት ብቻ?» አለች ዕፀ ሕይወት፤ ዳላስ ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ናት። «አረጋዊ ማጠብ ሥራዬ አይደል እንዴ?»

ሴቶቹ ሁሉ እኔ ልውሰዳቸው እኔ ልውሰዳቸው ተባባሉ። ጭቅጭቁ አልበርድ ሲል አንዱ «ታዲያ እጣ ይውጣ!» አለ። የእማማ አስካለማርያም መታጠቢያ ቀን በእጣ ተከፋፈለ። ወረቀቱን የበወዘውም ስሞቹን ያነበበውም ራሱ ጥዑመልሳን ነው።

ከዚያ ወዲያ ቤተሰቡ በቀዝቃዛ ውሃ ጥርሱን ሲያንገጫግጭ፣ እማማን ባለተራዋ እየመጣች በመኪና ትወስዳቸው ጀመር። ታጥበው፣ ጉልበታቸውን ታሽተው፣ በልተው ይመለሳሉ። ከሳሎኑ መስኮት ሌላ አሜሪካ የማያውቁት ሴት የየቤቱን ወሬ ይዘው ይገባሉ፤ ሳቃቸውም ተመለሰ።

በመጨረሻ እጣው ለጥዑመልሳን ወጣና አዲሱ ቦይለር ገባ። በማግስቱ ስርጉት ገንዳውን ሞልታ፣ እንፋሎቱን እያየች በደስታ ተጣራች።

«እማዬ፣ ነይ! የራሳችን ውሃ ሞቆልሻል።»

እማማ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በር በሩን ያያሉ።

«ይሙቅ» አሉ። «ዛሬ የዕፀ ሕይወት ተራ ነው።»

«አሁንማ ምን ያስኬድሻል?»

«ባልሽን ጠይቂው። የወጣ እጣ ይለወጣል እንዴ?»

ስርጉት ወደ ባሏ ዞረች። ያ ፊቱ የማይፈታው ሰው አማቱን ቀና ብሎ አየና ሳቁ አመለጠው።

«አይለወጥም፣ እማማ» አለና በሩን ሊከፍትላቸው ተነሳ።