ሸራው ውሃ እስኪጠግብ

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ኖቬምበር 13 ቀን 1983 ነበር፤ ዕለቱ እሑድ፣ ዕድሜዬም አርባ ሰባት ዓመት። በዚያ ቀን ሼንባጋም የተባለችውን አንዲት ልጄን ዳርሁ። ከሻይ እርሻው የሠራተኞች መንደር ተነሥተን፣ በከተማው ወዳለው የሂንዱው አምላክ የሙሩጋን ቤተ መቅደስ በእኔው ላንድሮቨር ላደርሳት ቆርጬ ነበር።

ስለዚህ ላንድሮቨር አስቀድሜ ጥቂት መናገር ይገባኛል። ሸራ ለባሽ ነው። የሳምንቱን ስድስት ቀን ጥቅል ጎመንና ቲማቲም ጭኜበት ወደ ገበያ እወርዳለሁ። በእኛ በማሌዥያው ደጋ ዝናብ የማይጥልበትን ወር የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም፤ ዝናቡም ሸራ ለባሽ መኪና ውስጥ የሚገባው ከላይ ብቻ አይደለም። ከመስተዋቱ ሥር ይገባል፤ በጎን በመጋረጃው ጠርዝ ይገባል፤ በነዳህ ቁጥር ደግሞ ጎማው የሚረጨው ውሃ ከኋላ ተስቦ ይገባል። ልጄ ትምህርት ቤት የተመላለሰችው በዚህ መኪና ነበር። ርሳ በደረሰች ጊዜ ሁሉ አስተማሪዋ ልብሷ እስኪደርቅ ከግድግዳው ሥር ያቆሟት ነበር። አንድ ቀን እንደዚያ ቆማ በመስኮት ባየኋት ጊዜ፣ «በሠርግሽ ቀን በዚሁ መኪና፣ አንዲት ጠብታ ሳትነካሽ አደርስሻለሁ» አልኋት። የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። እኔ እንደረሳችው ቈጥሬ ነበር፤ ሠርጉ ሲቆረጥ ግን «አባዬ፣ በማን መኪና ነው የምሄደው?» ብላ ዐይን ዐይኔን አየችኝ።

ስለዚህ አዲስ ሸራ አሰፋሁ። ሰፊው ሎክ ሲው ይባላል፤ ከከተማው በፊት ባለው ጠመዝማዛ ላይ ሱቁም ቤቱም አንድ የሆነ ሽማግሌ ቻይናዊ ነው። ሸራውን ሲያስረክበኝ እንዲህ ብሎ አስጠነቀቀኝ፦ «ሦስት ጊዜ አርሰህ ሦስት ጊዜ አድርቀው። ክሩ ጥጥ ነው። ውሃ ጠጥቶ ካላበጠ የመርፌው ቀዳዳ አይደፈንም። ሲዘንብ ደግሞ ከውስጥ በጣት የሚነካው ሰው እንዳይኖር።»

ሰምቻለሁ። ነገር ግን በእኛ ዘንድ አዲስ ነገር በአራት ማዕዘኑ እርድ ይቀባና በመልካም ቀን ይጀመራል። ለልጄ ሠርግ የተሰፋን ሸራ አስቀድሞ እንደ አሮጌ ጆንያ በውሃ መዘፍዘፍ ነውር መሰለኝ። እርዱን ቀባሁት፤ በላስቲክ ጠቅልዬም ሦስት ሳምንት ከአልጋዬ ሥር በደረቁ አኖርሁት። በሠርጉ ዋዜማ መጋዘን ውስጥ ሆኜ መኪናውን አለበስሁት። አዲስ ሸሚዝ የለበሰ ሰው መሰለ።

ካህኑ የቈረጡልን መልካም ሰዓት ከጠዋቱ ሦስት ተኩል እስከ አራት ተኩል ነበር፤ ጋብቻው ከዚያ ማለፍ አይችልም። በሁለት ሰዓት ተነሣን። እኔ እነዳለሁ፤ ሚስቴ ፓቻያማና ቀይ የሐር ሳሪ የለበሰችው ልጄ ከኋላ ተቀምጠዋል። የሚስቴ ወንድም ሳባፓቲ ዝግ ሚኒባስ ስላለው ዘመድ አዝማዱን ጭኖ በኋላ ሊከተለን ተስማማን። ከሳምንት በፊት ጀምሮ፣ «ማቻን፣ ሙሽራን በጎመን መኪና የሚያጅብ አማች ያገኘሁት እኔ ብቻ ነኝ» እያለ ይቀልድብኝ ነበር፤ «ማቻን» በእኛ በታሚሎች ቋንቋ የእህት ባል ማለት ነው።

ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድን ዝናቡ ወረደ። ለጥቂት ጊዜ ሸራው ቻለ። ከዚያ ሚስቴ ከኋላ ጠራችኝ።

«የሼንባጋም አባት፣ ጣሪያህ እያለቀሰ ነው።»

«ጣሪያ አይደለም፤ አዲስ ሸራ ነው።»

«እንግዲያው አዲሱ ሸራህ እያለቀሰ ነው።»

ቀና ብዬ አየሁ። በስፌቱ መሥመር፣ በእያንዳንዱ የመርፌ ቀዳዳ ላይ አንዳንድ ጠብታ ተንጠልጥሏል፤ መርፌ ያለፈበት ቦታ ሁሉ በወጉ ተሰልፎ ይታያል። የመጀመሪያው ጠብታ በነጭ ሽርጤ ላይ ወደቀ። ቢጫ ነበር። እርዱ እየታጠበ ነው።

ልጄ ሳቀች። እናቷ ግን አልሳቀችም፤ ጠብታውን ልትደፍን ጣቷን ወደ ሸራው ሰደደች።

«አትንኪው!» አልሁ፤ ግን ዘግይቼ ነበር። በጣቷ የነካችው ቦታ ከጠብታ ወደ ፈሳሽ ተለወጠ።

«ታዲያ በምን ላቁመው? በጸሎት?»

«እጅሽን አውርጂ ብቻ!»

«እጄን ካወረድሁ ሳሪው ላይ ይወርዳል!»

«እማዬ፣ ጃንጥላውን ስጪኝ» አለች ልጄ። መኪና ውስጥ ጃንጥላ ዘረጋች። የጃንጥላው ጫፍ ሸራውን በአራት ቦታ ነካው፤ በአራት ቦታም ማፍሰስ ጀመረ።

ወደ ቤት ብመለስ ሰዓቱ ያልፋል፤ ወደ ፊት ብቀጥል ሳሪው ይበላሻል፤ ቃሌም አብሮ። የቀረኝ ሎክ ሲው ነበር። ከሱቁ በረንዳ ሥር አስጠግቼ ስቆም በካናቴራ ተቀምጦ የሩዝ ገንፎውን ይጠጣ ነበር። ሸራውን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ።

«ሹፌር፣ ስንት ጊዜ አራስኸው?»

«አንድም ጊዜ።»

ሳህኑን አስቀመጠ። «ይኼ ቢጫውስ ምንድን ነው?»

«እርድ ነው። ለመልካም ዕድል።»

«የሸራ መልካም ዕድሉ ውሃ ነው! ሙሽራዋን ከዚያ አውርዳት። ባልዲዎቹ ከጀርባ ናቸው፤ ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ ያለበት በርሜል አጠገብ።»

«ሰማዩ እያፈሰሰ ባልዲ ለምን?» አለች ፓቻያማ።

«ሰማዩ መካከሉን ነው የሚያርሰው፤ ስፌቱ ዳር ዳሩን ነው ያለው። ስፌቱ በአንድ ጊዜ ይጥገብ። ሦስቱን ጊዜ አሁን በአንዱ እናድርገው፤ ሌላ መንገድ የለም።»

ልጄ በረንዳው ላይ፣ በሎክ ሲው የስፌት በርጩማ ላይ ተቀመጠች። እኔ አዲሱን ሽርጤን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ፣ በዚያ ሁሉ ዝናብ፣ በገዛ መኪናዬ ላይ ውሃ ማፍሰስ ጀመርሁ። ሁለተኛውን ባልዲ ይዤ ሳለሁ የሳባፓቲ ሚኒባስ ደረሰ። ፍሬን ሲይዝ ተሰማኝ። መስኮቶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተከፈቱ።

«ማቻን!» አለ ሳባፓቲ አንገቱን አውጥቶ። «ዝናቡ አልበቃ ብሎህ ነው የምትጨምርበት?»

«አልበቃም።»

«እህቴ፣ ባልሽ ምን ሆኗል?»

«ሸራ እያጠጣ ነው» አለች ፓቻያማ።

«ላም እንኳን በዚህ ዝናብ ውሃ አይጠጣም! ልጄ፣ ነይ ግቢ። ትልቋን አክስትሽን ከፊት ወንበር አስነሥቼ አስቀምጥሻለሁ።»

«ማን ተነሥቶ ማን ይቀመጣል?» የሚል የአክስት ድምፅ ከውስጥ መጣ። «ለጉልበቴ ማን ሊያዝንለት ነው? ለሙሽራዋ ግን እነሣለሁ፣ ትግባ!»

ባልዲውን አስቀመጥሁ። ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ሆኖ ነበር። አሥራ አራት ዓመት የጠበቅሁት ቃል አንድ ነገር ነው፤ የልጅ መልካም ሰዓት ግን ከዚያ ይበልጣል። ይህንን ካመንሁ በኋላ ወደ በረንዳው ሄድሁ።

«ከአጎትሽ ጋር ሂጂ» አልኋት።

ልጄ አልተነሣችም። ወደ ሽማግሌው ዞራ፣ «አጎቴ፣ ስንት ደቂቃ ይፈልጋል?» አለችው።

«በባልዲ ካልሰነፋችሁ ሃያ።»

«እንግዲያው ሃያ ደቂቃ እቀመጣለሁ። አባዬ፣ ባልዲውን አንሣ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስብ ዛሬም እስቃለሁ። ሳባፓቲ ከሚኒባሱ ወረደ፤ የተተኰሰ ሸሚዙን እጅጌ ጠቀለለ። «እንዲህ አይደለም የሚፈሰው፣ አምጣ! አንተ ጎመን የምታጠጣ ነው የሚመስልህ» አለና ባልዲውን ነጠቀኝ። አክስቲቱ ከመስኮት፣ «ጥግ ጥጉን! ጥግ ጥጉን አትርሱ!» እያለች ታዛለች። የተቀሩት ዘመዶች በእያንዳንዱ ባልዲ ያጨበጭባሉ። ሎክ ሲው ክሩን የሚያለሰልስበትን የሰም ድቡልቡል ይዞ መኪናው ውስጥ ገባና በትልቁ ስፌት ሥር ዳር እስከ ዳር ፈተገው፤ ጨርቁን ግን አይነካም፣ ስፌቱን ብቻ። የእጁን ቀላልነት አይቼ አደነቅሁ።

ጥቂት ቆይቶ ሽማግሌው የትናንቱን ጋዜጣ በኋላ መቀመጫው ላይ ዘርግቶ ይመለከት ጀመር። ሁላችንም አንገታችንን አስግገን አየን። አንድ ጠብታ ወደቀ፤ ጋዜጣው ላይ ቢጫ ክብ ሠራ። ጠበቅን። ሌላ ጠብታ፤ ይኼኛው ንጹሕ ነበር። ጠበቅን። ከዚያ ምንም። ከላይ ዝናቡ ሸራውን ይደበድበዋል፤ ድምፁ ራሱ ተለውጧል፣ ቅድም እንደ ወረቀት የሚንኰሻኰሸው አሁን እንደ ከበሮ ደነደነ።

«ጠገበ» አለ ሎክ ሲው። «የኋላውን መጋረጃ እስከ ታች እሠረው። ቀስ ብለህ ንዳ፤ ከፈጠንህ ውሃውን ከኋላ ትስበዋለህ። ወይዘሮዋም እጃቸውን ይጠብቁ።»

«እቀመጥበታለሁ» አለች ፓቻያማ። እንዳለችውም በሁለት እጇ ላይ ተቀምጣ ሄደች።

ሳባፓቲ እስከ ትከሻው በስብሶ ወደ ሚኒባሱ ገባና ከኋላችን ተከተለ። እኔ ጎመን ጭኜ ከምነዳው በዝግታ ነዳሁ። በመስተዋቱ ልጄን አየኋት፤ ጃንጥላዋን አጥፋ ጭኗ ላይ አስቀምጣለች፣ ጣሪያውንም አልተመለከተችም። እኔ ግን መንገዱን ከማየው ይልቅ ጣሪያውን አየሁ ብል ማጋነን አይሆንም።

ከቤተ መቅደሱ በር ስንደርስ ሦስት ሰዓት ከአርባ አምስት ነበር። የሙሽራው እናት ኡናማላይ በበሩ ቆመው ጠበቁን። ከታፓህ ከተማ የመጡ ናቸው፤ ስለ ጥብቅነታቸው ከእርሳቸው ቀድሞ የሰማነው ብዙ ነበር። ልጄ በተዘረጋላት ጃንጥላ ሥር ወርዳ ደረጃውን ወጣች። ሴትዮዋ የሳሪዋን ትከሻ በሁለት ጣታቸው ያዙ፤ ከዚያ እጥፉን፤ ከዚያ ጐንበስ ብለው የታችኛውን ጠርዝ ዳሰሱ።

«በዚያ መኪና ነው የመጣችው?» አሉ።

«አዎን፣ እመቤቴ።»

«ደረቅ ናት። የእኔ ልጅ በዝግ መኪና መጥቶ ከጉልበቱ በታች ጭቃ ነው።» ፈገግ አሉ፤ እንደሚባለውም አልነበሩም። «ልጄ፣ ግቢ።»

ሼንባጋም ከመግባቷ በፊት ወደ እኔ ተመለሰችና ደረቅ እጅጌዋን በርጥብ ጉንጬ ላይ አሳረፈች። አራት ሰዓት ከአምስት ሲሆን ሙሽራው የጋብቻውን ክር በአንገቷ ላይ ቋጠረ፤ ከበሮው ተመታ፤ አበባውና ሩዙ ተበተነ። እኔ ከፊት ቆሜ ሳለሁ ካህኑ ቀስ ብለው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና፣ «የሙሽራዋ አባት፣ እባክዎ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ፤ በሩዝ ዱቄት የተሣለውን ሥዕል እያጠቡት ነው» አሉኝ። ወደ እግሬ ብመለከት፣ ከሽርጤ የሚወርደው ውሃ የሥዕሉን ግማሽ ወስዶታል። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄድሁ፤ ከዚያም ሆኜ ሁሉንም በደንብ አየሁ።

ይህንን የጻፍሁት ፊደል ከቈጠርሁ በኋላ ነው፤ በዚያ ዘመን ግን አንድም ነገር በወረቀት አላሰፈርሁም። ሳባፓቲ አሥራ አንድ ባልዲ አፈሰስሁ ይላል፤ እኔ ከሰባት አይበልጥም ባይ ነኝ። ሎክ ሲው የተናገረውም ሃያ ደቂቃ ይሁን ሠላሳ፣ እርግጠኛ አይደለሁም። በዚያ ሚኒባስ መስኮት ያያችሁ ወይም ካዩት የሰማችሁ ካላችሁ፣ የሳትሁትን ንገሩኝ፤ በጽሑፉ ዳር አስተካክዬ እጽፈዋለሁ።