ሱሪውን አላሰፋም

ሰው ሲወፍር ሱሪው ይነግረዋል። ልብስ ሰፊ ሲወፍር ግን የሚነግረው የለም፤ ሱሪው በጠበበ ቁጥር ትርፉን ጨርቅ ለቆ ያሰፋዋላ! ታላቅ ወንድሜ ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ራሱን ሲሸውድ ኖረ። እኔም አጠገቡ፣ ሌላው የስፌት መኪና ላይ ተቀምጬ ሳላይ መኖሬ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ሱቁን ያወረሰን አባታችን ነው። ስኳር በሽታ ዓይኑን ካሳጣው ወዲህ ቤት ይውላል፤ ጨርቅ ስንወስድለት በጣቱ ዳብሶ ዓይነቱን ይነግረናል። ልጆቹ ስለሆንን እሱን የምትከታተለው የጤና ጣቢያ ነርስ እኛንም መረመረችን። እኔ ደህና ነኝ። የወንድሜ ስኳር ግን ከፍ ብሏል።

"ገና በሽታ አልሆነም፤ በሩ ላይ ነው ያለው" አለችው። "ሳይቃጠል በቅጠል ነው። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብለው ይራመዱ፣ ለስላሳ መጠጡን ይተዉ፣ ክብደትዎን ትንሽ ይቀንሱ። በዚህ ብቻ የሚመለስ ብዙ ሰው አለ።"

"የዘራችን ነው፤ ከዘር ማን ያመልጣል?" አለኝ ወንድሜ ስንመለስ። ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ሱቅ እንደገባን ለስላሳውን ከፈተ።

በሳምንቱ አንዱን ሱሪውን ወረወረልኝ። "ወገቡን አስፊልኝ፤ እኔ የሙሽራ ኮት ይዣለሁ።"

ገልብጬ ሳየው ሦስት የድሮ የስፌት መስመሮች ጎን ለጎን ተሰልፈዋል። የአባባ ዓይን ትዝ አለኝና ደሜ ፈላ።

"አላሰፋም!"

"ምን?"

"ጋሼ፣ ትርፍ ጨርቅ ሞልቶታል፤ እኔ ግን አላሰፋም። ለሁለት ሰው ዓይን መሆን አልችልም!"

ከአፌ ከወጣ በኋላ እኔው ደነገጥኩ። እሱ ሱሪውን ከእጄ መንጭቆ ወጣ። ቀኑን ሙሉ አኮረፈኝ። በማግስቱ ግን ያለቀውን ልብስ በእግሩ እየዞረ ለደንበኞች ማድረስ ጀመረ። "ካንቺ ምላስ ለመሸሽ ነው" ይላል። ይሽሽ! ሻዩንም ያለ ስኳር፣ ፊቱን አጨፍግጎ ይጠጣል።

በስድስተኛው ወር ነርሷ ውጤቱን አይታ ፈገግ አለች። "ወርዷል። እንዳያቋርጡ ብቻ፤ በየዓመቱም ይመርመሩ።" ልቤ ቅቤ ጠጣ። ወንድሜ ግን አንገቱን ደፍቶ አለቀሰ፤ ያን ሁሉ ጊዜ ፈርቶ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

ቤት ገብተን ለአባባ ነገርነው። የራሱ ዕድል ትዝ ብሎት ይከፋዋል ብዬ ፈራሁ። እሱ ግን እጁን ዘርግቶ የወንድሜን ትከሻ ፈለገ።

"ነገ ልብስ ልታደርስ ስትወጣ" አለው፣ "እኔንም ይዘኸኝ ውጣ።"