ዝም የማለት ሥራ

በሁለቱም የዕጣ ብጣሽ ወረቀት ላይ የተጻፈው አንድ ቃል ነው፦ «አስተማሪ»። ኤሚልዮ ካፖራሌ የራሱን ገለጥ አድርጎ አየና ቅንድቡን ሰቅሎ፣

«የኔ ‹ተማሪ› ነው የሚለው። ይኸው እንግዲህ፣ በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ተማሪ ቤት ልገባ ነው!» አለ።

ይቺን ቀልድ ካለፈው ነሐሴ ጀምሮ መቶ ሰባት ሰው ፊት ቀልዷታል። መቶ ስምንተኛው ሆረስ ቲልማን የሚባል፣ የትምህርት ቤት አውቶብስ የሚነዳ ረጅም ሽማግሌ ነው። ሰውየው ከልቡ ሳቀለት። ጋዜጣ ላይ «ስለ ማስታወስ ችሎታ ለምናደርገው ጥናት ፈቃደኛ እንፈልጋለን» የሚል አይቶ፣ ቅዳሜውን ሠውቶ፣ ፀጉሩን በውኃ አስተኝቶ ነው የመጣው። ኤሚልዮንም እንደሱው ከመንገድ የመጣ ፈቃደኛ መስሎታል።

ግራጫ ጋዋን የለበሰው የጥናቱ ሠራተኛ ሪድ፣ ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ ፈገግታ የማያውቅ ልጅ፣ ኤሚልዮን ትንሿ ክፍል አስገብቶ ወንበሩ ላይ በጠፍር አሰረው። አስተማሪው ከግድግዳው ወዲያ ተቀምጦ ቃላት ያነባል። ተማሪው በተሳሳተ ቁጥር አስተማሪው አንድ ማብሪያ ይጫናል፣ ኮረንቲ ይለቀቃል። ማብሪያዎቹ ሠላሳ ናቸው፣ አንዱ ካንዱ ይብሳል።

«አንድ ነገር ልንገራችሁ» አለ ኤሚልዮ፣ እንደተለማመደው። «ልቤን ትንሽ ያመኛል። አያሰጋም አይደል?»

«ያማል እንጂ ጉዳት የለውም» አለ ሪድ።

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ አንገቱን ይደፋል። ቲልማን ግን ኮቱን ማውለቅ ጀመረ።

«እንዴ! ልብህን የሚያምህ ከሆነማ እኔ ልቀመጥልህ። አርባ ሕፃን በየቀኑ ጆሮዬ ላይ ይጮህብኛል፣ ኮረንቲ ምን ያመጣል?»

«ዕጣው ወጥቷል ሚስተር ቲልማን። መለዋወጥ አይቻልም።»

ሽማግሌው ኮቱን በግማሽ እንዳወለቀ ቆመ። ከዚያ መልሶ ለበሰው። «እሺ በቃ፣ ቀስ እያልኩ ነው የማነብልህ ወንድሜ» አለና ከሪድ ጋር ወጣ።

በሩ ሲዘጋ ኤሚልዮ ጠፍሩን ፈታ። ኮረንቲ የሚባል ነገር የለም። ያለው ቴፕ ነው፣ ቴፑ ላይ ደግሞ የራሱ የኤሚልዮ ጩኸት። ጥናቱም ስለ ማስታወስ አይደለም። ጋዋን የለበሰ ሰው «ቀጥል» ሲለው ሰው የት ድረስ እንደሚሄድ ነው የሚጠናው። ኤሚልዮ ሳምንቱን ሙሉ ሰው እግር ሥር ተንበርክኮ ጫማ ሲለካ የሚውል ሻጭ ነው። ጩኸቱን የቀዱ ዕለት ጥናቱን የሚመሩት ፕሮፌሰር እጁን ጨብጠው «ሚስተር ካፖራሌ፣ ያለ እርስዎ ይሄ ጥናት ባዶ ነው» ብለውታል። ከዚያ በፊት እንዲህ ብሎት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ያን ቀን ወደ ቤቱ በእግሩ ነው የሄደው፣ አውቶብስ መሳፈሩ ትዝም አላለው።

ይሄኛውስ ያቆማል፣ አለ በሆዱ። ያቆሙ ነበሩ፣ ጥቂት ናቸው እንጂ። ግን «እኔ ልቀመጥልህ» ያለ እስከ ዛሬ አልነበረም። እሱ ካላቆመ ማን ሊያቆም ነው?

ቲልማን እንዳለው ቀስ ብሎ አነበበ። ትክክለኛው መልስ ላይ ሲደርስም ድምፁን ከፍ ያደርግለታል። «ሰማያዊ… ወንበር፣ ሰማያዊ… *ሳጥን*! ሳጥን!» ኤሚልዮ የተሰጠው ዝርዝር እንዳዘዘው «ወንበር» የሚለውን የመልስ ቁልፍ ተጫነ። ወዲያ ማዶ ሽማግሌው ሲተነፍስ ተሰማ። ከዚያ ቀጭ አለ ማብሪያው።

አሥረኛው ላይ ቴፑ «አውጡኝ! ልቤ!» ብሎ ጮኸ።

«ውይ፣ ይውጣ እንጂ! ሲለምን አትሰማም?» አለ ቲልማን።

«እባክዎ ይቀጥሉ።»

«ልጄ፣ ሰውየው ልቡን ያመዋል እኮ።»

«ጥናቱ መቀጠልዎን ይጠይቃል።»

ቀጭ።

ሃያኛው ላይ ቴፑ የመጨረሻውን ጩኸት ጮኸና ቀጥ አለ። የኤሚልዮ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ጩኸቱን ማሽኑ ይሠራዋል፣ ኤሚልዮ በገዛ አካሉ የሚሠራው ዝም ማለት ብቻ ነው።

«ካፖራሌ! አለህ?» ዝም። «አንድ ቃል ብቻ በለኝ። ግድግዳውን እንኳ ምታልኝ!» ዝም።

ወንበር ሲጎተት ተሰማ። «በቃኝ። ገብቼ አየዋለሁ።»

«ሌላ ምርጫ የለዎትም፣ መቀጠል አለብዎት።»

«ምርጫማ አለኝ! ሞቶ ቢሆንስ?»

እርምጃው ቀረበ። የበሩ እጀታ ሲዞር ኤሚልዮ በዓይኑ አየ፤ እስከ ግማሽ ዞሮ ቆመ። ከበሩ ማዶ ሽማግሌው ያለቅስ ነበር። አሮጌ ሰው ሲያለቅስ ደግሞ ድምፅ የለውም፣ ትንፋሹ ብቻ ነው የሚቆራረጠው። ግባ! አለ ኤሚልዮ በልቡ። ግባ አንተ ሰው! እሱ ራሱ «አለሁ» ቢል ያልቅ ነበር። አንዲት ቃል። አፉን ከፈተ። ፕሮፌሰሩ ታወሱት፣ እጃቸው፣ «ያለ እርስዎ» ያሉት። እናም ከአፉ ቃል አልወጣም። መዳፉን አፉ ላይ አድርጎ ሳል አደረገ። ትንሽ፣ ደረቅ ሳል። ቢጠይቁት ሳላስበው አመለጠኝ የሚላት ዓይነት።

እጀታው ተለቀቀ። ወደ ቦታው ተመለሰ።

«ተመስገን» አለ ቲልማን በሹክሹክታ። «ተመስገን፣ አለ።»

እርምጃው ራቀ። ወንበሩ ተጎተተ። ቀጭ። ሃያ አንድ። ቀጭ። ኤሚልዮ መዳፉን ከአፉ ሳያነሳ እስከ ሠላሳ ቆጠረ።

ሁሉም ሲያልቅ፣ እንደ ደንቡ አገናኝተው ሲያስታርቋቸው፣ ሽማግሌው ሸሚዙ በላብ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል። ሪድ «ኮረንቲው እንዳሰቡት የከፋ አልነበረም» አለው፣ የሚባለው ይኸው ነው። ሪድ ወረቀት ሊያመጣ ወጣ ሲል ቲልማን የኤሚልዮን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

«ልገባልህ ነበር እኮ። እጀታውን ይዤ። ስታስል ሰማሁና፣ ደህና ነው፣ እንጨርስለትና ይገላገል አልኩ።» ከዚያ ጠጋ ብሎ፣ «እግዜር ይስጥህ። ባትስል ኖሮ…» አለው።

ቲልማን እንደወጣ፣ ከጎን ክፍል በመስኮት ሲያዩ የቆዩት ፕሮፌሰሩ ወረቀታቸውን ይዘው ገቡ። ዓይናቸው ያበራል።

«አያችሁልኝ? በር ድረስ ሄዶ፣ እጀታ ይዞ፣ ማንም ሳይነካው ተመለሰ! ይቺን ለብቻዋ ነው የምጽፋት። ሚስተር ካፖራሌ፣ ከእርስዎ በኩል የተለየ ነገር ነበር?»

ሪድም ቀና ብሎ አየው። እሱ ከማብሪያዎቹ አጠገብ ስለቆመ ሳሉን አልሰማም።

«ምንም» አለ ኤሚልዮ።

ፕሮፌሰሩ ጻፉ፦ «እስከ መጨረሻ ታዟል»።

ቀጣዩ ሰው በር ላይ ደርሷል ተባለ። ኤሚልዮ ባርኔጣውን አድርጎ በጓሮ ወጣና፣ እንግዳ መስሎ በፊት ለፊት ለመግባት ሕንፃውን ዞረ። ሁልጊዜም እንዲህ ነው። ደረጃው ላይ እግሩን ሲያነሳ ግን ከጀርባው የመኪና በር ተከፈተ። ቲልማን ነው፤ እስካሁን ሞተር አላስነሳም።

«አንተ! ተመልሰህ ልትገባ ነው እንዴ?»

ኤሚልዮ ዞረ። «ጠርተውኝ ነው።»

«ያ ሁሉ ስቃይ ደርሶብህ? በዚህ ልብህ?» ሽማግሌው በሩን እንደያዘ ቆሞ በመገረም አየው፣ ቁጣ አልነበረበትም፣ እንደ ታናሽ ወንድሙ ነው ያየው። «እምቢ አትላቸውም እንዴ ወንድሜ?»

ኤሚልዮ ባርኔጣውን አወለቀ። መልሶ አደረገው። ከመስተዋቱ በር ወዲያ መቶ ዘጠነኛው ሰው፣ ክራቫቱን እያስተካከለ፣ ይግቡ እንጂ የሚል ይመስል ፈገግ አለለት።