በቀጠሮ ላይ ያለች ኳስ

ትርንጎ ከኩዌት ስትመለስ ዘመድ የጠበቀውን ወርቅ ትታ ሁለት የቴኒስ ራኬትና ሦስት ኳስ ይዛ ደብረ ታቦር ገባች። ጨዋታውን የተማረችው ለማዳሟ ኳስ ስትለቅም ነው። የሚያጫውታት ሥራ ፈት ስትፈልግ የመንግሥት ሠራተኛ አገኘች፤ እኔን ጌጡን፣ የመሬት አስተዳደር ባለሙያውን።

ከመሥሪያ ቤታችን ጓሮ ያለውን የመረብ ኳስ ሜዳ በኖራ አሰመርነው። ከሥራ ስወጣ እንጫወታለን፣ ሁልጊዜም ታሸንፈኛለች። እኔ ያለኝ ክርክር ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ የገበሬ ድንበር ስለካ ስለምውል መስመር ላይ አፍ አላጣም።

«ወጥታለች» እላለሁ።

«መስመሩን ነክታለች። ኖራው ሲቦን አላየህም?»

«የቦነነው አፈር ነው።»

«አንተ ሰውዬ፣ ገበሬው የሚረግማችሁ ወዶ አይደለም።»

ሜትሬን እዘረጋለሁ፤ ዘበኛውን ጋሽ ደምሴን ለምስክርነት እጠራለሁ። «እኔ ሳይ የነበረው እናንተን ነው እንጂ ኳሷን አይደለም» ይላሉ። ያልተስማማንበት ነጥብ ይደገማል። እውነቱን ለመናገር አብዛኞቹ ኳሶች ውስጥ ነበሩ። ነጥብ በተደገመ ቁጥር ግን እሷ ትንሽ ትቆያለች።

ሚያዝያ ላይ ለሥራ ተመልሳ የምትሄድበት ቪዛ መጣ። ለሦስት ወር ሙከራ ነው አለች። በመጨረሻው ቀን፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ላሸንፋት አንድ ነጥብ ቀረኝ። መታሁ። ኳሷ ጥግ ላይ አረፈች።

«ወጥታለች» አለች። ዓመቱን ሙሉ በእኔ ኳስ ተከራክራ አታውቅም ነበር።

መሥሪያ ቤታችን ነገር ሲያቅተው እንደሚያደርገው ቀጠሮ ሰጠሁት። ኳሷ የነካችው አፈር ላይ የጋሽ ደምሴን ጣሳ ደፋሁና ዙሪያውን ድንጋይ ደረደርኩ።

«ስትመለሺ አብረን እናየዋለን።»

«ባልመለስስ?»

«የተቀጠረ ጉዳይ ይዘገያል እንጂ አይቀርም።»

ሳቀች። በማግስቱ ሄደች።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደወለች።

«ጌጡ፣ አስቤበት ነው። ኳሷ ውስጥ ነበረች። አሸንፈኸኛል።»

ዓመት ሙሉ ልሰማው የጓጓሁት ቃል ነው። ነገር ግን ጉዳዩ ከተዘጋ ምን ልትሠራ ትመጣለች?

«ወጥታ ነበር» አልኩ።

«በገዛ ኳስህ?»

«በገዛ ኳሴ። ደግሞ ሳናይ አንፈርድም።»

«ማዳም ለሁለት ዓመት ፈርሚ ብላኛለች» አለች።

«ምን አልሻት?»

«እስከ ነገ ላስብበት አልኳት።»

ከላዬ በረዶ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። እንዳይሰማት ስልኩን በእጄ ከለል አደረግኩት፤ ምንም አልረዳኝም። ጓሮው ጭቃ ከሆነ ወር አልፎታል፤ ጣሳውንም መስመሩንም ጎርፍ ወስዷቸዋል።

«እዚያ ዝናብ ጀመረ እንዴ?» አለች።

«የለም» አልኩ። «ዘንድሮ ዘግይቷል።»

በረዶው ባሰበት። ሁለታችንም ለረጅም ጊዜ አዳመጥነው።

«እንግዲያው እስክመጣ እንዳትነካው» አለች።