ከሰባ ሁለት በኋላ

000100 የመታወቂያ ክፍል።

"የሚሰማ ነገር አለ?"

"የለም፣ ጋሼ!"

ጠያቂው መምህር ጓንጉል ናቸው፣ መላሹ የሠልጣኞቹ ክፍል በሙሉ። የሚያስተምሩት ኮቦል የተባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ነው። በኮቦል የሚጻፍ ሁሉ በአራት ይከፈላል፦ መታወቂያ፣ አካባቢ፣ መረጃ፣ አሠራር። እያንዳንዱ መስመር ሰማንያ ዓምድ፣ ማለትም የፊደል ቦታ፣ አለው። የፊተኞቹ ስድስት ለመስመር ቁጥር ናቸው። አርእስት ከስምንተኛው ይጀምራል፣ ትእዛዝ ከዐሥራ ሁለተኛው። ከሰባ ሁለት ያለፈውን መሣሪያው፣ ማለትም ኮምፒውተሩ፣ አያነበውም። እንዳልተጻፈ ነው።

000200 የአካባቢ ክፍል።

ሰማንያ ዓምድ የተሰመረበት ጥቁር ሰሌዳ። በስተኋላ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። ስሙ ሰባ ሦስት ነው። ሲጽፍ ከሰባ ሁለት ያሳለፈ ሠልጣኝ እዚያ ይቀመጣል። ደወል እስኪደወል ምንም ቢል መልስ የለውም። የመለሰለት ይባረራል፤ ሳያስፈቅድ የወጣም ይባረራል።

000300 የመረጃ ክፍል።

እታገኝ። ሠልጣኝ። ባለፈው ሳምንት ሰባ ሦስት ላይ ነበረች።

"ጋሼ፣ ወንድሜ በር ላይ ቆሟል። እናቴን ሆስፒታል አስገብተዋት ነው። ልውጣ?"

ጓንጉል መጻፋቸውን ቀጠሉ።

"ጋሼ፣ በእናትዎ!"

መምህሩ ወደ ክፍሉ ዞሩ። "የሚሰማ ነገር አለ?"

"የለም፣ ጋሼ!" ከሁሉም የወንዳፍራሽ ድምፅ በለጠ። ሌላ ጊዜ አጠገቧ የሚቀመጠው እሱ ነው።

000400*በሰባተኛው ዓምድ ላይ ኮከብ ካለ መሣሪያው መስመሩን ይዘለዋል። ለሰው ብቻ የተጻፈ ነው።

000410*ደወሉ እንደተደወለ ሮጠች። እናቷ ግን በሕይወት አልጠበቀቻትም።

000500 የአሠራር ክፍል።

ዛሬ መምህሩ ሰሌዳው ላይ ሲጽፉ ጠመኔው ሰባ ሁለትን አለፈ።

"ጋሼ፣ አለፉ" አለ ወንዳፍራሽ፣ ሳቁን እየዋጠ።

ጓንጉል ሰሌዳውን አዩት። እጃቸውን አራገፉ።

"ሕግ ለእኔም ሕግ ነው። ደወል እስኪደወል ማንም እንዳይመልስልኝ። የመለሰ፣ ነገ አይምጣ።"

ደረታቸውን ነፍተው ሄዱና ሰባ ሦስት ላይ ተቀመጡ።

000600 የአሠራር ክፍል፣ የቀጠለ።

"እታገኝ፣ በኮቴ ኪስ ውስጥ የልብ ክኒኔ አለ፤ አቀብዪኝ" አሉ ጓንጉል ከአግዳሚው ላይ።

ኮቱ እንደ ወትሮው እሷ አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ ተሰቅሏል።

"ሊፈትኑን ነው፤ እንዳትሸወጂ" አላት ወንዳፍራሽ በሹክሹክታ።

እታገኝ ዞራ አየች። የመምህሩ ከንፈር ጠቁሯል። ግንባራቸው በላብ ርሷል። ፈተና አይደለም።

"ልጄ… የምሬን ነው።"

ወንዳፍራሽ ብድግ አለ። የመምህሩን ድምፅ አስመስሎ ጠየቀ።

"የሚሰማ ነገር አለ?"

"የለም" አለ ክፍሉ። በዝግታ።

እታገኝ ብቻ አልመለሰችም። ክፍሉ በሙሉ አያት።

እጇ ወደ ኮቱ ተነሣ።

000700 የአሠራር ክፍል፣ የቀጠለ።

መስመሩ እዚህ ላይ ሞላ። ከዚህ በኋላ ያለውን መሣሪያው አያነብም።

አንባቢው ግን ሰው ነው፤ ባለ ኮከቡን መስመር እሱ ይሙላው።

000800*