በጭቃ የተለቀለቀው ቁም ሣጥን

ቁም ሣጥኑን ያበሰበሰችው እናቴ ናት። እንደ ጎታ ቆጥራው በየዓመቱ ሰኔ ላይ ውስጡንና ጀርባውን በእበትና በጭቃ ትለቀልቀው ነበር። ጎታ ሲለቀለቅ ይጠነክራል፤ ነቀዝም አይገባበትም። እንጨት ግን ጭቃ ውስጥ ከታፈነ ክረምቱን ሙሉ ውኃ ይጠጣል እንጂ አይደርቅም። ከፊት ሲያዩት ምንም አልሆነም። ለዕረፍት ከዩኒቨርሲቲ በመጣሁ ማግስት ሽሮ ላወጣ ስስበው በሩ ከነማጠፊያው እጄ ላይ ቀረ። ማጠፊያው የያዘውን እንጨት ገንጥሎ ነው የመጣው፤ እንጨቱንም በጣቴ ስጫነው ፈረሰ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ፈልጠን ማገዶ እናደርገው ነበር። በዚያ ክረምት ግን አልተቻለም። ቁም ሣጥኑን ያሠራው ንፋስ መውጫ የፍርድ ቤት ጸሐፊ የሆነው ታላቅ ወንድሜ ካሣሁን ነው። አባታችን የሞተ ዓመት «እናቴ ከእንግዲህ ከጎታ ጋር አትታገልም» ብሎ ደብረ ታቦር አሠራው፤ ከዚያ እዚህ መካነ ኢየሱስ ድረስ ሰዎች እየተፈራረቁ በሸክም አመጡት። አሁን ደግሞ የእናታችን ብቻዋን መኖር አልዋጥልህ ብሎታል። ለፍልሰታ ፍቺ እንደሚመጣ፣ ጓዳውን አይቶ ቤቱ መፍረስ ከጀመረ ለሰው ሰጥቶ እሷን ንፋስ መውጫ እንደሚወስዳት ልኮባታል። ይህን ከሰማች ወዲህ እህል አልበላ አላት።

«ሳይመጣ አሠሪልኝ» አለችኝ። «የተበላሸ ነገር ካየ ይወስደኛል።»

አናጢው ረጀብ ከገበያው ማዶ መጣ። ምላሱ ከመጋዙ ይፈጥናል።

«እሜቴ ላቀች፣ ይኼ ቁም ሣጥን ነው ወይስ የገብስ ማሳ? በሬ ጠምጄ ልምጣ እንዴ?»

«ሥራህን ሥራ፣ አንተ ቀባጣሪ!» አለችው እናቴ። ሰው ሲቀልድባት ደስ ይላታል።

ረጀብ ሣንቃውን በመሮ ወጋ፣ ወጋ አድርጎ መረመረና ወደ እኔ ጠጋ አለ። «ስሚ፣ አንቺ ተማሪ። ቀለም እንቀባው። ወንድምሽ ገልብጦ አያይም።»

«ቀለሙንስ ምን ይይዘዋል?»

«አላህ ይይዘዋል።»

«እሱ ይያዝልህ፤ አንተ ሣንቃ ቁረጥ።»

ሣቀና ሥራውን ጀመረ። ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው አላቅቀን ባዶ ወለል ላይ አስተኛነው። ካሣሁን የውስጥ ጀርባውን ጋዜጣ ለጥፎበት ነበር፤ ጭቃው ከላዩ ሲነሣ የጃንሆይ ፎቶግራፍ ብቅ አለ። ረጀብ መሮውን አንሥቶ ቆመ።

«ይኼንንስ አልፍቅም። ነገ ረጀብ የንጉሡን ፊት በመሮ ላጠ ቢባል ማን ያስጥለኛል?»

«ማን አየህ?»

«አንቺ አየሽኝ።»

መሮውን ተቀብዬ ራሴ ፋቅሁት። እዚያ ቆመን የምንከራከርበት ጊዜ አልነበረኝም።

ከታችኛው መደርደሪያ ጭቃው በቅርፊት በቅርፊት ሲወርድ መጀመሪያ ማንኪያ ወጣ። ቀጥሎ ሲኒ። ከዚያ በጨርቅ የተቋጠረ፣ የበቀለ ምስር። ሁሉም በተቀመጡበት እንዳሉ ተለቅልቆባቸዋል።

«እሜቴ፣ ለካ እውነትም ዘርተዋል!» አለ ረጀብ እየተንከተከተ።

እናቴም አብራ ሣቀች። ሣቋ ግን ትንሽ ዘግይቶ ነው የመጣው። ማንኪያ ከቦታው ፈቀቅ ቢል ቤቱን በቁጣ የምታናውጥ ሴት ናት፤ ማንኪያ ጭቃ ውስጥ ቀብራ የምትሄድ አይደለችም።

ቁም ሣጥኑ ተጠግቶት የነበረው ግድግዳ ለምን እንዲህ እንደ ራሰ ለማየት ወደ ጓሮ ዞርኩ። ከጣሪያው የሚወርደውን ውኃ ወደ ተዳፋቱ የሚወስድ ቦይ ሁልጊዜ ሰኔ ላይ ይጠረጋል። አሮጌው ቦይ ደለል ሞልቶታል። አጠገቡ አዲስ ቦይ ተቆፍሯል፤ ጠርዙ ተስተካክሎ፣ አፈሩ ተጠርጎ፣ ብዙ የተደከመበት ቦይ። የሚሄደው ግን ወደ ግድግዳው ነው። የጣሪያውን ውኃ ሁሉ ሰብስቦ በቀጥታ ቁም ሣጥኑ ጀርባ ላይ ያፈስሰዋል።

ወደ ውስጥ ስመለስ ረጀብ ሚስማሮች በከንፈሩ ይዞ፣ ከእናቴ በክንድ ርቀት ላይ ቁጢጥ ብሎ ሣንቃ ይለካል። አፉ ስለተያዘ ዝም ብሏል።

«ረጀብ ወዴት ሄደ?» አለችኝ እናቴ።

ረጀብ ቀና ብሎ አየኝ። ሚስማሮቹን ከአፉ አውጥቶ ኪሱ ከተተና ኮቴው ሳይሰማ ወጣ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

«ምኑ?»

«እማዬ፣ አታድክሚኝ።»

የቀሚሷን ጫፍ በጣቶቿ ጠቀለለች። «ጥላ አያለሁ» አለች። «ፀሐይ ካለ ሰው መምጣቱን አያለሁ። ጸበሉንም ተጠምቄያለሁ፤ አልሆነም።»

«አዲስ አበባ የዓይን ሞራ የሚገፍፍ ሐኪም አለ።»

«ዓይኔን በምላጭ? በይ ተይኝ።» ወደ ድምፄ ተጠጋች። «ዓለምጸሐይ፣ እዚህ እኮ ዕውር አይደለሁም። ከምድጃው እስከ ደጁ፣ ከደጁ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ እግሬ ያውቀዋል። ካሣሁን ቤት ከገባሁ ግን ለሽንቴ እንኳ ሰው ልጠራ ነው። የዚያን ቀን ነው የምታወረው። አትንገሪው።»

ማንኪያውንና ሲኒውን ላጥብ ይዤ ወጣሁ።

ረጀብ በማግስቱ ደረቅ የዋንዛ ሣንቃ ይዞ መጣ፤ ስለ ትናንቱም ምንም አላነሣም። ጀርባውን በሙሉ፣ ከመደርደሪያዎቹም የበሰበሱትን ቀየረ። እግሮቹን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አቁመን ከግድግዳው አራቅነው። አሮጌውን ቦይ እኔ ጠረግሁት፤ አዲሱን ደፈንኩት። እጄ ውኃ ቋጠረ።

ሥራው ሲያልቅ ሌላ ችግር መጣ። ረጀብ መደርደሪያዎቹን ከድሮው ዝቅ አድርጎ ስለመታቸው የእናቴ እጅ ቦታው ጠፋበት። ጨው ብላ በርበሬ ታወጣለች፤ ጣሳ ስታነሣ ሌላ ጣሳ ትጥላለች። ስለዚህ ማስጠናት ጀመርኩ።

«ጨው?»

«ከላይ፣ በቀኝ።»

«ሚጥሚጣ?»

«ከጨው ቀጥሎ።»

«አይደለም! ከጨው ቀጥሎ ምንድን ነው ያልኩሽ?»

«ተማሪ ቤት እንዲህ ነው የሚያስተምሩሽ? በጩኸት?»

«እዚያ የማያጠና ይባረራል።»

«እኔንም ሊያባርሩኝ አይደል እንዴ!» ብላ ሣቀች። ከዚያ እንደገና ከጨው ጀመረች። ፍልሰታው ሳይገባደድ ሁሉንም ያዘችው፤ የማያውቅ ሰው ቢያያት ምንም አይጠረጥርም ነበር።

አንድ ቀን ዕቃ ስታጥብ እጅጌዋን ሰበሰበች። ክንዷ ላይ ገና ያልደረቀ የእሳት ቁስል አለ፤ ከጎኑ አሮጌ ጠባሳ፣ ከዚያም በላይ ሌላ። «ድስት ነካኝ» አለች። ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ። ሣር ነው፤ ጢስ ያጠቆረው፣ ከውስጥ በኩል ደረቅ ሣር። ለመስከረም እኔ አዲስ አበባ ነኝ።

ካሣሁን በፍልሰታ ማግስት በበቅሎ መጣ፤ ካፖርቱ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ገና ሳይቀመጥ ጓዳ ገባ። ቁም ሣጥኑን ከፈተ፣ ዘጋ፣ በጣቱ አንኳኳ። ግድግዳውን ዳበሰ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አየዋለሁ።

«ማን ነው የሠራው?»

«ረጀብ።»

«እጁን አይንሣው።»

እናቴ እራት ስታቀርብ አንድ ጊዜ እንኳ አልተሳሳተችም። ጨው ሲል ጨው፣ ሚጥሚጣ ሲል ሚጥሚጣ አመጣችለት። ጠላውን ስትቀዳለት ጣቷን ከዋንጫው ጠርዝ ላይ አድርጋ ነበር፤ እሱ ግን ወሬውን ይዞ አላየም። ጠግቦ ወደ ግድግዳው ደገፍ አለ።

«እኔ እኮ ቤቱ የወደቀ መስሎኝ ነበር» አላት። «ጠንካራ ነሽ፣ እማዬ። በይ እንግዲህ እዚሁ ኑሪ። በዓመት እየመጣሁ አይሻለሁ።»

እናቴ ፊቷን ወደ እኔ መለሰች። የት እንደተቀመጥሁ ታውቃለች። ፈገግ ብላለች።

«ጋሼ» አልኩት፤ «እማዬ አታይም።»

«ምን አልሽ?»

«ዓይኗ ጠፍቷል። ቁም ሣጥኑ የበሰበሰው ቦዩን ወደ ቤቱ ስለቆፈረችው ነው። ዕቃውን የሸመደደችው እኔ አስጠንቻት ነው። ክንዷን ገልጠህ እየው። አንድ ቀን ከነቤቱ ትቃጠላለች።»

«ውሸቷን ነው» አለች እናቴ ሳትቆጣ። «ዩኒቨርሲቲ የከረመ ሰው መቼ እውነት ይናገራል? አየህ አይደል ካሣሁን፣ ማን ቀዳልህ? ማን አበላህ?»

ካሣሁን አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየ። ከዚያ ባዶ እጁን ወደ እሷ ዘረጋ።

«እማዬ፣ እስቲ ይችን ያዢልኝ» አላት።

እናቴ እጇን ዘረጋች። መዳፏን ከፍታ ጠበቀች፤ ምንም ሳያርፍበት ሲቀር ጣቶቿን ወደ ፊት ሰደደች፣ ወደ ግራ መለሰቻቸው፣ አየሩን ጨብጣ ለቀቀች። ካሣሁን እጁን ቀስ ብሎ ሰበሰበ።

«ምንድን ናት? ስጠኝ እንጂ» አለች።

እጇ ለጥቂት ጊዜ እንደተዘረጋ ቀረ። ኋላ ሰብስባ ቀሚሷ ላይ ጠረገችው፤ ምንም የነካው ነገር አልነበረም።

«መቼ ነው የምንሄደው?»

«ዝናቡ ቀነስ ሲል» አለ ካሣሁን መሬት መሬት እያየ። «ከመስቀል በፊት። እማዬ፣ ለአንቺው ብዬ እኮ ነው።»

«ቁም ሣጥኑንም ጫኑት እንግዲህ። ደክማችሁበታል።»

ተነሣች። ካሣሁን ሊደግፋት ብድግ ሲል «ተቀመጥ» አለችው፤ ተቀመጠ። የመሶቡን ጠርዝ ሳትነካ፣ የተዘረጋውን እግሬን ዞራ አለፈች። ነጠላዋን ከተሰቀለበት አወረደችና ተከናነበች። ደጅ ዝናቡ ይወርዳል። እጇ በሩን ሳይፈልግ አገኘው፤ ወጣችና ከኋላዋ ዘጋችው።