ኮዳው ላይ የሰፈሩት

ሲንቄ ኤጄታ በ1980 ዓ.ም. ለሦስት ሳምንት ፈቃድ ከምጽዋ አምቦ ስትመጣ፣ የባሕር ውሃ የተሞላ የብርጭቆ ማሰሮ አቅፋ ነበር። ውስጡ ከአቧራ የማይበልጡ የባሕር ቀንድ አውጣ እጮች ይዋኛሉ። የምትሠራበት ቤተ ሙከራ አደራ ናቸው።

"መቼ ነው የሚያድጉት?" አሏት እናቷ ወርቅቱ።

"የሚሰፍሩበትን ካላገኙ አያድጉም፣ ሃርሜ። ባሕር ውስጥ ድንጋይ ላይ የሚበቅል ሮዝ ቅርፊት አለ። የእሱ ጠረን ሲደርሳቸው ብቻ ወርደው ይለወጣሉ።"

ከደጅ ድንጋይ አምጥታ ከትታላቸው ነበር፤ አልቀረቡትም።

የወርቅቱ ሐሳብ ግን ሌላ ነበር። ባሕር ኃይል የገባው ልጃቸው ኦልጅራ ደብዳቤ ካቋረጠ አምስት ወር ሆኖታል። በሁለተኛው ሳምንት ጓደኛው ጉደታ የደንብ ልብሱን እንደለበሰ መጣ።

"አዴ ወርቅቱ፣ ኦልጅራ ደህና ነው። አሰብ ተዛውሯል። ይህን ስጥልኝ ብሎኛል" አለና የውሃ ኮዳ አቀበላቸው። ጎኑ ላይ የኦልጅራ ስም በሚስማር ተጭሯል። ወርቅቱ ኮዳውን ስመው እልል አሉ፤ ምሳ ሊያመጡ ጓዳ ገቡ።

ሲንቄ ኮዳውን ስታነሳው ውስጡ ውሃ ተንቦጫቦጨ። ክዳኑን ፈታ አሸተተችው፤ ባሕር ባሕር ይላል። የክዳኑ ጥርስ መሃል ሮዝ ነገር ተጣብቋል። ክዳኑን ማሰሮው ውስጥ ጣለችው።

ምሳው ቀርቦ ጉደታ እየበላ ሳለ እጮቹ መውረድ ጀመሩ። ቀስ ብለው፣ ሁሉም ወደ አንድ ቦታ። ምሳው ሳያልቅ ውሃው ባዶ ሆነ። ሲንቄ በአጉሊ መነጽር አየቻቸው፤ የሚዋኙበትን ክንፍ ጥለው ክዳኑ ላይ ይድሃሉ።

"ጉደታ፣ ይህ ኮዳ ለምን ያህል ጊዜ ባሕር ሥር ቆየ?"

ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። "አራት ወር" አለ በመጨረሻ። "የተሳፈረባት ጀልባ ሰጠመች። ስናወጣት እሱ የለም፤ ኮዳው ብቻ ነው የተገኘው። የእናትሽን ፊት ሳይ አፌ እምቢ አለኝ።"

ወርቅቱ ከጓዳው በር ቆመው ሰምተዋል። ወደ ማሰሮው ቀርበው ጎንበስ አሉ።

"እነዚህ ከእኔ ቀድመው አወቁ?" አሉ።

ሲንቄ እናቷን ያዘቻቸው።

ከሰዓት ጎረቤት ተጠርቶ ለቅሶ ተቀመጡ። ጉደታም ፈቃዱ እስኪያልቅ አብሯቸው ከረመ። ወርቅቱ አልወቀሱትም። ጀልባዋ የሰጠመችበትን ቀን ብቻ ደጋግመው ይጠይቁታል፤ እሱም "ረቡዕ ነበር፣ አዴ" ይላቸዋል።